«አይዞሽ» ብቻ አይበቃም

ተማሪዎች ሆይ፤ በአማርኛ ቋንቋችን ውስጥ ከምንወዳቸው ቃላት አንዱ «አይዞሽ» የሚለው ነው። ለወንድ ሲሆን «አይዞህ»፣ ለብዙ ሰዎች ሲሆን «አይዟችሁ»፣ ለአክብሮት ሲሆን «አይዞዎት» ይባላል። የታመመ የሚጽናናበት፣ ያዘነ ልቡን የሚሰበስብበት፣ ሸክም የከበደው ጥቂት እርምጃ የሚጨምርበት መልካም ቃል ነው። በሌላ ቋንቋ በአንድ ቃል ብቻ የሚተካው መገኘቱን እጠራጠራለሁ። ይሁን እንጂ ቃሉን የሚናገረው ሰው ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ፣ ከጊዜው የሚቀንሰው ሰዓት፣ ከሥልጣኑ የሚያካፍለው ነገር የለም። ሸክሙም ከተሸካሚው ትከሻ አይወርድም። ስለዚህ አንዲት ሴት ከባድ ሥራ ጀምራ «አይዞሽ» ስትባል በሰማን ቁጥር፣ «ቀጥሎስ ምን ተደረገላት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ይህን ጥያቄ እዚህ የማነሣው አዲስ የቴክኖሎጂ ድርጅት ስለሚመሠርቱ ሴቶች ነው። በየስብሰባው ስለ እነርሱ ብዙ ይነገራል፤ ሽልማት ይሰጣቸዋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ይጨበጨብላቸዋል። ጭብጨባውን አልጠላም። ዳሩ ግን ጭብጨባው ሲያበቃ መሥራቿ ወደ ቢሮዋ ተመልሳ የወሩን የቤት ኪራይና የሠራተኞቿን ደመወዝ ከየት እንደምትከፍል ማሰብ አለባት።

በዘመኑ አጠራር «ስታርታፕ» የሚባለው ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት ከሌላው ንግድ በአንድ ዋና ነገር ይለያል። ወፍጮ ቤት ሊከፍት የተነሣ ሰው ቤቱንና ወፍጮውን ለባንክ ሊያሳይ ይችላል። ብድሩን ሳይከፍል ቢቀር ባንኩ ወፍጮውን ሸጦ ገንዘቡን ያስመልሳል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ድርጅት ግን ዋናው ሀብቱ በሠራተኞቹ አእምሮ ውስጥ ያለው ዕውቀት ነው። ይህን ሀብት ማንም ሊያሽገው ወይም በሐራጅ ሊሸጠው አይችልም። ማታ ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ሀብቱም አብሯቸው ይሄዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድርጅት ሥራ የሚጀምረው የሚያምነው ሰው ሲያገኝ ነው። እምነት ደግሞ ለሁሉ እኩል የሚታደል ነገር አይደለም። ይህን ከማንም በላይ የሚያስረዳልን የአንዲት ሴት ታሪክ ስላለ እርሱን ልንገራችሁ። ታሪኩ የእንግሊዝ አገር ነው፤ ዘመኑንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፈዋለሁ።

ስቴፋኒ ሸርሊ በ1933 በጀርመን አገር በዶርትሙንድ ከተማ ተወለደች። በመጀመሪያ ስሟ ቬራ ቡኽታል ነበር። አባቷ አይሁዳዊ ዳኛ ሲሆኑ ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡ። በ1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አይሁዳውያን ሕፃናትን ለማትረፍ በተዘጋጀ ባቡር ላይ ወላጆቿ አሳፈሯት። እርሷ የ5 ዓመት፣ እኅቷም የ9 ዓመት ልጆች ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የማያውቋቸው ባልና ሚስት ተቀብለው አሳደጓቸው።

ልጅቷ ሒሳብ ትወድ ነበር። የምትማርበት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ግን እርሷ የምትሻውን ያህል ሒሳብ አያስተምርም ነበር። በዚህም ምክንያት ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷት ሒሳብ ለመማር ብቻ ወደ ወንዶች ትምህርት ቤት ትሄድ ጀመር። አስተማሪ ስለ ነበርሁ ከታሪኩ ሁሉ በዚህ ቦታ ላይ ቆም እላለሁ። አንድ ሰው ያን ፈቃድ ሰጥቷል፤ ሌላ ሰው ደግሞ በወንዶቹ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር እንድትይዝ ተስማምቷል። ሁለቱም ምናልባት «አይዞሽ» አላሏትም ይሆናል። ያደረጉላት ነገር ግን ከቃሉ ይበልጣል።

በ18 ዓመቷ በዶሊስ ሂል በነበረው የፖስታ መሥሪያ ቤት የምርምር ጣቢያ ተቀጠረች። ቀን እየሠራች፣ ማታ እየተማረች፣ ከ6 ዓመት ድካም በኋላ በሒሳብ ዲግሪዋን ተቀበለች። በዚያ ጊዜ ኮምፒዩተር አንድ ሙሉ ክፍል የሚይዝ መኪና ነበረ። ከመኪናው ጋር ተዋወቀች፤ ሥራዋንም ወደደችው። ዳሩ ግን ሴት በመሆኗ ወደ ከፍተኛ ኀላፊነት የሚያደርሰው መንገድ ዝግ መሆኑን እያደር ተረዳች። ስለዚህ በ1962 ሥራዋን ለቃ፣ በ6 ፓውንድ መነሻ ገንዘብ፣ በራሷ ቤት ውስጥ «ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ» የተባለ ድርጅት አቋቋመች። ስሙ በየቤታቸው ሆነው በየሥራው የሚከፈላቸው ፕሮግራም አዘጋጆች ማለት ነው።

ነገሩን የሰሙት ሰዎች ሳቁ። የሳቁበትም ምክንያት ሁለት ነበረ። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ፕሮግራሙን ከመኪናው ጋር አብሮ ያገኝ ነበርና ፕሮግራምን ለብቻው ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር። ሁለተኛው ምክንያት፣ ቢገኝስ ከሴት ማን ይገዛል የሚል ነበር። በዚያ ወራት በእንግሊዝ አገር አንዲት ባለትዳር ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ የባንክ ሒሳብ መክፈት እንኳ ያዳግታት እንደ ነበር ስቴፋኒ ራሷ ደጋግማ ተናግራለች።

የሆነ ሆኖ ሥራ መፈለግ ነበረባትና ለልዩ ልዩ ድርጅቶች ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ደብዳቤዎቹ ስለምትሰጠው አገልግሎት በግልጽ የሚያስረዱ ነበሩ። በመጨረሻም «ስቴፋኒ ሸርሊ» ብላ ትፈርም ነበር። መልስ የሚሰጣት ጠፋ። በዚህ ጊዜ ባሏ አንድ ነገር መከራት፤ ይኸውም «ስቴፋኒ» በማለት ፈንታ በቤት መጠሪያዋ «ስቲቭ» ብላ እንድትፈርም ነው። «ስቲቭ» በእንግሊዞች ዘንድ የወንድ ስም ነው። እንደ መከራት አደረገች። የድርጅቶቹ ኀላፊዎችም መልስ ይሰጡ፣ ለቃለ ምልልስም ይጠሯት ጀመር። በሩን ከፍታ ስትገባ «ስቲቭ» ሴት መሆኗን ያውቃሉ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ቀጠሮው ተይዟል፣ ሰውየውም ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ዘርግቷል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ትማራላችሁ። ቀኑ በየት በኩል እንደሚጻፍ፣ የተቀባዩ አድራሻ የት እንደሚሰፍር፣ ጕዳዩ በአጭሩ እንዴት እንደሚገለጥ፣ ፊርማውም ከምን በታች እንደሚሆን ተዘርዝሯል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ልትለማመዱትም ይገባል። ነገር ግን ደንቡን ሁሉ ጠብቆ የተጻፈ ደብዳቤ በፊርማው ምክንያት ብቻ ሳይነበብ ወደ ቅርጫት ሊጣል እንደሚችል የሚናገር የሰዋስው መጽሐፍ አላየሁም።

እስቲ ነገሩን ወደ ራሳችን ቋንቋ እናምጣው። «ጻፍሁ»፣ «ሠራሁ»፣ «መሠረትሁ» ስንል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት ከግሡ አይታወቅም። ስለዚህ በአንደኛ መደብ የተጻፈ ደብዳቤ እስከ ፊርማው ድረስ ጾታ የለውም። ደብዳቤው ለሌላ ሰው ሲነገር ግን አማርኛ ያስገድደናል፤ ወይ «ጻፈ» ወይ «ጻፈች» ማለት አለብን። አሁን ፈራሚው «ደስታ» ቢሆን ምን እናደርጋለን? ደስታ የሚባል ወንድ አለ፤ ደስታ የምትባል ሴትም አለች። ጕዳዩ የኮምፒዩተር ሥራ ከሆነ ብዙዎቻችን መልሱን «ለአቶ ደስታ» ብለን የምንጀምር ይመስለኛል። ይህን ያልነው ሰውየውን ስላወቅነው አይደለም፤ አስቀድሞ በልባችን ውስጥ ለዚህ ሥራ ያስቀመጥነው አንድ ወንድ ስላለ ነው።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል የቆየ ተረት አለን። አስተማሪ የአገሩን ተረትና ምሳሌ ሊያስረዳ ግዴታ አለበት፤ ተረቱን ሁሉ ሊያመሰግን ግን ግዴታ የለበትም። የስቴፋኒ ሸርሊ ደብዳቤ ያለቀው በወንድ ስም ነው ብሎ ተረቱን የሚያጸና ሰው አይጠፋም። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ደብዳቤው ያው ነበር፤ አሳቡም ዋጋውም አልተለወጠም። የተለወጠው የአንባቢው ዐይን ነው። አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ማታለል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። «ስቲቭ» የቅርብ ሰዎች የሚጠሯት ስም ስለ ነበር ሐሰት አልተናገረችም። ሐሰት ቢኖርም እንኳ ሐሰቱ ሴት ይህን ሥራ አትችልም ብሎ ደብዳቤውን ወደ ጎን በገፋው ሰው ዘንድ ነበር።

ሥራው ከተገኘ በኋላ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ማወቅ ደስ ያሰኛል። በዚያ ዘመን በየቤቱ ኮምፒዩተር አልነበረም። ፕሮግራም የሚጻፈው በእርሳስና በወረቀት ነበር። አንዷ ሴት በቤቷ ጠረጴዛ ላይ ትእዛዞቹን በቅደም ተከተል ትጽፋለች። ሌላዋ ደግሞ በሌላ ቤት ሆና መስመር በመስመር ትመረምራለች። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ተልኮ በካርድ ወይም በጥቅል ወረቀት ላይ ቀዳዳ እየተበሳ ይመዘገብና ኮምፒዩተር ወዳለበት ሥፍራ ይወሰዳል። ስሕተት ከተገኘ ይመለሳል። እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ንቁ አእምሮ፣ እርሳስ፣ የፖስታ አገልግሎትና ስልክ ነው። ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ቢሮ መገኘት ግን አያስፈልግም። ይህን በጊዜው ያስተዋሉ ጥቂቶች ነበሩ። ስቴፋኒ ግን ዕውቀት እያላቸው ስላገቡ ወይም ስለ ወለዱ ብቻ ከሥራ የቀሩ ሴቶች በየቤቱ ተቀምጠው እንዳሉ ታውቅ ነበር፤ እነርሱንም ፈልጋ ቀጠረቻቸው። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞቿ መካከል ወንዶቹ 3 ብቻ ነበሩ።

እርሷም በ1963 ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ እያደገ ሲሄድ ከባድ የኦቲዝም ችግር እንዳለበት ታወቀና አሳዳጊነቱ ከሥራው ጋር ተደራርቦ ብዙ አስጨነቃት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደንበኞች ስልክ ሲደውሉ የሕፃኑ ልቅሶ እንዳይሰማ የጽሕፈት መኪና ድምፅ የተቀረጸበትን ቴፕ ትከፍት ነበር። ደዋዩ ብዙ ጸሐፊዎች ባሉበት ትልቅ ቢሮ የሚነጋገር ይመስለው ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ይሥቃል፤ እኔም ሥቄአለሁ። ነገር ግን አንዲት እናት ሥራዋ እንዲከበር ልጇን በድምፅ መሸፈን ነበረባት ማለት ነው።

እነዚህ በየቤታቸው የተቀመጡ ሴቶች የሠሩትን ሥራ ዐይነት ልብ በሉ። የጭነት ባቡሮች መነሻና መድረሻ ሰዓት የሚወጣበትን ፕሮግራም አዘጋጅተዋል። ከድምፅ ይልቅ ፈጥኖ ይበር ለነበረው ለኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራውን ሁኔታ የሚመዘግበውን «ጥቁር ሣጥን» ፕሮግራም የሠሩ 30 ያህል ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም የሚሠሩት በየቤታቸው ነበር። ስለዚህ ስቴፋኒ ለእነዚህ ሴቶች ያደረገችው ድጋፍ ምን እንደ ነበር በቀላሉ ማየት ይቻላል። ንግግር አላደረገችላቸውም። የሚከፈልበት ከባድ ሥራ ሰጠቻቸው፤ ሰዓቱን ግን ለእነርሱ ተወችላቸው። በሸመገለችበት ወራት ስትቀልድ፣ ታላቅ ምኞት ያላት ሴት በራሷ ቅርጽ ትታወቃለች፤ ሰዎች ዝቅ አድርገው እያዩ ሲደባብሷት አናቷ ጠፍጣፋ ይሆናልና ትል ነበር። ባዶ «አይዞሽ» ብዬ ስጽፍ ያሰብሁት ይህን ዐይነቱን መደባበስ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ይደነግግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለውጦ ባልና ሚስት በቤተሰብ አመራር እኩል እንዲሆኑ፣ የጋራ ንብረታቸውንም በጋራ እንዲያስተዳድሩ አደረገ። ብዙዎቹ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ። ሕግ በአንድ ቀን ይታወጃል፤ የቤትና የመኪና ባለቤትነት ደብተር ግን በአንድ ቀን ስሙ አይለወጥም። ባንክ የሚጠይቀው መያዣ ደግሞ ይኸው በደብተር የተመዘገበ ንብረት ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ሕጉ «ትችያለሽ» ቢላትም በባንኩ መስኮት ፊት ስትቆም የምታስይዘው ነገር በአባቷ፣ በባሏ ወይም በወንድሟ ስም ሆኖ ታገኘዋለች። ያቋቋመችው ድርጅት የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ከሆነማ፣ ቀደም ብዬ እንደ ጻፍሁት፣ ድርጅቱ ራሱ የሚያዝ ነገር የለውም። በሁለት በኩል ባዶ እጇን ናት ማለት ነው።

ይህን ችግር በደንብ የተረዱ 11 ሴቶች በመሥራችነት ተነሥተው እናት ባንክን አቋቋሙ፤ ባንኩም በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዘረጋው አሠራር ውስጥ እኔን የማረከኝ አንዱ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ወይም ድርጅት በልዩ ሒሳብ ገንዘብ ያስቀምጣል፤ ያ ገንዘብ የምታስይዘው ንብረት ለሌላት ሴት እንደ መያዣ ሆኖ ያገለግላል። አስቀማጩ ገንዘቡን በስጦታ አልሰጠም፤ ብድሩ ሲመለስ ገንዘቡ የራሱ ነው። የሰጠው ነገር ቢኖር ዋስትና ነው። የቀድሞ አባቶቻችን ዋስ መሆንን ምን ያህል ከባድ ነገር አድርገው ይመለከቱት እንደ ነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረ የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮጀክት መያዣ ለሌላት ተበዳሪ ጠባይዋንና የመክፈል ዝንባሌዋን በጽሑፍ ጥያቄ መዝኖ ማበደርን ሞክሯል። ባንክ የበጎ አድራጎት ማኅበር አይደለም የሚል ተቃውሞ ሲነሣ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ መሆንም የለበትም። ነገር ግን የምትከፍል ተበዳሪን ደብተር ስለሌላት ብቻ የሚመልስ ባንክ እርሷን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ትርፍ ገፍቶ ይመልሳል።

ብድር ግን ሁሉ ነገር አይደለም። እንዲያውም በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ነገር አይደለም። 6 ፓውንዷን ይዛ የተነሣችው ሴት ያደገችው ደንበኛ ስላገኘች ነው። ጀማሪ ድርጅት ከብድር ይልቅ የሚፈልገው ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ትእዛዝ ከተገኘ ሁለተኛው ይቀላል፤ «ይህን ሥራ ለእገሌ ሠርቻለሁ» ብሎ የሚያሳዩት ነገር ይገኛልና። ከትእዛዙ ቀጥሎ ደግሞ በቀኑ የሚከፈል ክፍያ ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ጕዳይ ነው። ትልቅ መሥሪያ ቤት ለትንሽ ድርጅት የሚከፍለውን ገንዘብ 3 ወር ቢያዘገይ መሥሪያ ቤቱን አይጎዳውም። ትንሹ ድርጅት ግን በ3 ወር ውስጥ ሠራተኞቹ ይበተናሉ። ወረቀቱን በመሳቢያው ውስጥ ያሳደረው የሒሳብ ሠራተኛ አንድ ድርጅት መዝጋቱን ሳያውቅ ጡረታ ይወጣል።

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ነገ እንዲህ ያለ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ ይኖራችኋል። ለዛሬው ግን ያላችሁ ነገር የትምህርት ቤታችሁ የኮምፒዩተር ክፍል ነው፤ እርሱም በየትምህርት ቤቱ የለም። በነበረበት ቦታ አራት አምስት ተማሪ በአንድ መኪና ዙሪያ ሲሰበሰብ አይቻለሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማውሱን የሚይዘው ማን እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ባየኋቸው ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ወንዱ ልጅ ነው። ሴቷ ልጅ ጽሕፈትሽ ያምራል ትባልና ደብተር ይሰጣታል። ሌሎቹ የሠሩትን በጥሩ ጽሕፈት ትመዘግባለች፤ ደወሉም ይደወላል። በቤተ ሙከራም እንዲሁ ነው፤ ብልቃጡ በወንዱ እጅ፣ እስክሪብቶው በሴቷ እጅ ይሆናል። ማንም ክፉ አስቦ አያደርገውም። ግን ከዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ አንደኛው 30 ሰዓት ሠርቷል፤ ሌላዋ 30 ሰዓት ሌሎች ሲሠሩ አይታለች።

በሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ በ9 ዓመቷ ከኮምፒዩተር ጋር የተዋወቀችው አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሸጡበት መደብር ውስጥ ነው። ለልደቷ የሚሆን ገንዘብ በፈለገች ጊዜ ለደንበኞች ሙዚቃ በስልካቸው እየጫነችና ቪዲዮ እያስተካከለች በሥራዋ አገኘችው። ኋላም በአዲስ አበባ ወጣቶችን ፕሮግራም አጻጻፍ በሚያስተምር መርሐ ግብር ውስጥ ዋና ተዋናይ ሆነች። ተሰጥኦዋ የራሷ ነው። ይሁንና በዚያ መደብር ውስጥ መኪናው በእጇ ነበረ፤ «አትንኪ፣ ይበላሻል» ብሎ የከለከላት አልነበረም። ስንት ቤት ውስጥ ይህ ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነገር እናንተው ታውቃላችሁ።

የስቴፋኒ ሸርሊን ነገር ልጨርስላችሁ። በ1975 በእንግሊዝ አገር በጾታ ምክንያት በቅጥር ማዳላትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሕጉ ሴቶችን ከበደል ለማዳን የታሰበ ሲሆን በእርሷ ድርጅት ላይ ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ ደረሰ፤ ሴቶችን ለይታ መቅጠር አትችልም ተብላ ወንዶችን በእኩልነት ማስገባት ግድ ሆነባት። አስገባቻቸውም። ከዚያም እያደር የድርጅቱን ባለቤትነት ለሠራተኞቹ አካፈለች። ድርጅቱ በ1996 አክሲዮኑን ለሕዝብ ገበያ ባቀረበ ጊዜ ከሠራተኞቹ 70 ያህሉ ሚሊየነር ሆኑ። ከእርሳሱና ከወረቀቱ ዘመን ጀምሮ በየቤታቸው ሲሠሩ የኖሩ ሴቶችም በባለቤቶቹ መካከል ነበሩ። እርሷም ከደረሳት ሀብት አብዛኛውን ለኦቲዝም ሕሙማን አገልግሎትና ለምርምር ሰጠች። ልጇ በ1998 ሞተ። እርሷም በነሐሴ ወር 2025 በ91 ዓመቷ አረፈች። በ1962 በፊርማዋ ላይ ያኖረችው «ስቲቭ» የሚለው ስም እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ አልተለያትም፤ ወዳጆቿም የሥራ ባልደረቦቿም ይጠሯት የነበረው በእርሱ ነው።